ያጠፋሁት ድምፅ

በማስተምርበት የእንጅባራ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ሁለቱ አይነሡም። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የማስተምረው ኪቦርድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳልኩ ነበር። ኮምፒውተሮቹ በእርዳታ ሲመጡ ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝና ክረምቱን ለልጆች የኮዲንግ ስልጠና እንደሚሰጥ፣ አስተማሪዋም እኔ እንደሆንኩ ነገሩኝ። ባሕር ዳር ሄጄ አምስት ቀን ሠለጠንኩ። ያንን የአምስት ቀን ትምህርት ይዤ፣ ወላጆች ኮዲንግ ምንድን ነው ሲሉኝ በቅጡ ማስረዳት እንኳ ሳልችል፣ ሐምሌ ላይ ጀመርኩ።

የተመዘገቡት ልጆች ሃያ ሁለት ነበሩ። አብዛኞቹ የነጋዴ፣ የመምህርና የቢሮ ሠራተኛ ልጆች ናቸው። ጭቃው ክፍሉን እንዳያበላሸው ጫማቸውን በር ላይ እንዲያወልቁ አዝዤ ስለነበር እግራቸውን ከሥራቸው አጥፈው፣ ለሁለትና ለሦስት አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ። ዝናቡ ሲበረታ ከቆርቆሮው ድምፅ የተነሣ መነጋገር አይቻልም፤ እስኪያባራ ዝም ብለን እንጠብቃለን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በወረቀት ላይ እንሠራለን። አንዱ ማሽን ይሆናል፣ ሌላው ያዝዘዋል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ ቁም።

ከገጠር የመጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት፣ ቤታቸው ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው በኩል ነው። በየቀኑ በእግሯ ትመጣለች፤ ራሷ ላይ የጣለችውን ላስቲክ በር ላይ አራግፋ፣ አጣጥፋ፣ በክንዷ ሥር ይዛ ትገባለች። የስልጠናው ወሬ እንዴት እንደደረሳት አላውቅም። ለምዝገባ ያመጧት አባቷ ነበሩ፤ ስሟን አስጽፈው፣ አንድም ነገር ሳይጠይቁ፣ ፈረሳቸው ላይ ወጥተው ሄዱ።

በመጀመሪያው ሳምንት ስለ እሷ የማስታውሰው ብዙ የለም። ዝምተኛ ናት። የኮምፒውተሩን ማውስ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ጫጩት ነው የምትይዘው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከሁሉም ቀድማ የምትጨርሰው እሷ እንደሆነች አየሁ። የከተማ ልጆች ቤታቸው ስልክ ነካክተው ስለሚያድጉ መጀመሪያ ላይ ይፈጥናሉ፤ ነገሩ ሲከብድ ደግሞ ይሰለቻሉ። እሷ አትሰለችም። የተሳሳተውን ትእዛዝ እስክታገኘው ድረስ ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ታነበዋለች።

ስልጠናው ሲያልቅ ወላጆች ተጠርተው ሥራ ስለሚያዩ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ነገር እንዲሠራ ነገርኳቸው። እሷ የመረጠችው ቃል የሚያስተምር ጨዋታ ነበር። ሥዕል ይመጣል፤ ስትነካው ስሙን በአዊኛ ይነግርሃል፤ በኋላ ይጠይቅሃል፤ ትክክለኛውን ከመለስክ አንድ ፈረስ ይዘላል። ፈረሱን ራሷ ነው የሣለችው፤ ከአንገቱ ይልቅ እግሩ ይረዝማል። ለማን ነው የምትሠሪው አልኳት።

«ለነሱ» አለች፣ በአገጯ የከተማ ልጆቹን እያሳየች። ቀጥላ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለእርስዎም» አለችኝ።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። በአዊ ምድር ተወልጄ አድጌ፣ አሁንም እዚሁ እየሠራሁ፣ አዊኛ አልችልም። ቤታችን በአማርኛ ብቻ ነበር የሚነገረው። ልጅቷ ያንን ታውቅ ነበር፤ በዕረፍት ሰዓት ከአንድ ዘመዷ ጋር በአዊኛ ስትነጋገር ሰምቼ ምን እንዳሉ በአማርኛ ስጠይቃቸው አይታኛለች።

ችግሩ የመጣው ቃላቱን ስትጽፍ ነው። እስከ አራተኛ ክፍል በአዊኛ የተማረች ናት፤ በመጽሐፋቸው ያለ አንድ ፊደል በእኛ ኮምፒውተሮች ላይ የለም። ከአፍንጫና ከጉሮሮ መሃል የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ደጋግማ ብትነግረኝም ማለት አልቻልኩም። ኪቦርዱን ሁሉ ፈለግን። ኢንተርኔት ስለሌለ ሌላ ማምጣት አልተቻለም። በሌላ ፊደል ጻፊው ብላት ፊቷ ጠቆረ፤ ያኔ ሌላ ቃል ይሆናል አለች። እንዲህ ከሆነ መጻፉን ተይውና በድምፅ እንቅዳው አልኳት። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ራሷ ቀዳች። ስትሰማው አልወደደችውም። እኔ ከአማርኛ ጋር እቀላቅላለሁ፣ እማዬ ትሻላለች አለች። በቀጣዩ የገበያ ቀን እናቷን ይዛ መጣች።

እናትየዋ ድንች ሊሸጡ የመጡ ነበሩ። ቀጭን ናቸው፤ የፕላስቲክ ጫማቸውን እንደ ልጆቹ በር ላይ አውልቀው ገቡ። የራሴን ወንበር ሰጠኋቸው። አንድ እግሩ ስለሚወላገድ ሲቀመጡበት ጮኸ፤ የሰበሩት መስሏቸው ተነሡ፤ ልጅቷ ሳቀችና መልሳ አስቀመጠቻቸው። ማይክሮፎኑን ከፊታቸው አድርጌ ቅጃውን አስጀመርኩ፤ ተመቻችተው ሲቀመጡ ወንበሩ እንደገና ጮኸ፤ «አሁን ይናገሩ» አልኳቸው። አልተናገሩም። ማይክሮፎኑን እያዩ ዝም አሉ። አማርኛ በደንብ ይሰማሉ፤ ግን ማን ሊሰማቸው እንደሆነ አልገባቸውም። ልጅቷ በአዊኛ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ጀመሩ። በሹክሹክታ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያወሩ ይመስል። ቀስ በቀስ ድምፃቸው ወጣ። አሥራ ሰባት ቃላት ቀዳን። ፈረስ፣ ቀርቀሃ፣ ድንች፣ ዝናብ፣ እሳት፤ ሌላውን አሁን አላስታውስም። አንደኛው ላይ ሳቃቸው መጣባቸውና ከነሳቁ ተቀዳ። እንድገመው ወይ ብላት ልጅቷ እንዲህ ይሻላል አለች። ከዚያ ሄዱ፤ ገበያው እንዳይበተንባቸው ቸኩለው ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ መንገድ ተዘጋ፤ የስልክ መስመርም ተቋረጠ። በእኛ አካባቢ በእነዚህ ዓመታት የሚሆነውን ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ክፍሉን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከከተማው አራት ልጆች መጡ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ወላጆቻቸው መጥተው ወሰዷቸው። ርዕሰ መምህሩ በሩን እንድቆልፍ ነገሩኝ። ስልጠናው እንዲህ አለቀ፤ ወላጆች ሥራ የሚያዩበት ቀን አልመጣም፤ ልጆቹንም ደህና ሁኑ አላልኳቸውም።

ትምህርት እንደገና ሲጀመር ጥቅምት ገብቶ ነበር። ኮምፒውተሮቹ በርጥበት ሻግተው፣ በቫይረስ ተሞልተው አገኘኋቸው፤ ለመነሣት ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ርዕሰ መምህሩ ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል በሳምንት ውስጥ እንዲደርሱ ፈለጉ። ሁሉንም ፎርማት ላደርግ፣ በውስጣቸው ያለውን ጠርጌ ላጠፋ ወሰንኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የልጅቷ ሥራ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ስደርስ በስሟ የተሰየመውን ፎልደር አየሁት። አላየሁትም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ፍላሽ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ግን ፍላሹም ቫይረስ ስለነበረበት መጀመሪያ እሱን ማጽዳት ሊኖርብኝ ነው። ደክሞኝ ነበር። ክረምት ሲመለስ እንደገና ትሠራዋለች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የሚያጠፋውን ቁልፍ ተጫንኩ።

አባቷ የመጡት በኅዳር መጨረሻ ነው። ፈረሳቸውን አጥሩ ላይ አስረው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ልጄ እዚህ ክረምቱን ትማር ነበር ሲሉኝ አስታወስኩ። ጭንቅላታቸው ተላጭቷል፤ ያን ጊዜም ነገሩ አልገባኝም። ልጅቷ ደህና ናት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

ደህና እንደሆነች ነገሩኝ። እናቷ ግን ሞታለች አሉ። መስከረም ላይ እህቷ ጫግኒ ታማባት ልታስታምም ወርዳ ነበር፤ ቆላ አይስማማትም፤ ወባ ይዟት ተመለሰች። ጉንፋን ነው ስንል፣ ጠበል ስናመላልሳት፣ ሆስፒታል ስናደርሳት ጊዜው አልፎ ነበር። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ከደጃፉ ሳይገቡ ነው። ይግቡና ይቀመጡ ስላቸው ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ፤ አያስፈልግም አልኳቸው፤ በጋ ነው፤ ጭቃ የለም።

«እህቴ» አሉኝ ከተቀመጡ በኋላ፣ «ድምፅዋን እዚህ ማሽን ላይ ቀድተሽ ነበር አሉ። ራሷ ነበረች የነገረችኝ፣ ያን ዕለት ከገበያ ስትመለስ። ስትስቅ ጭምር ተቀድቻለሁ ብላ። እኔ ፎቶዋ እንኳ የለኝም፤ የመታወቂያዋ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም አይመስላትም። ድምፅዋን በስልክ አድርጊልኝ ብዬ ነው።»

ከኪሳቸው ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሌላ ጊዜ ስለ ራሴ ደፋር ነኝ ብዬ ነው የማስበው። ያን ቀን ግን አፌ ላይ የመጣው እፈልገዋለሁ የሚል ነበር። ኮምፒውተሮቹ ብዙ ስለሆኑ የትኛው ላይ እንዳለ መፈለግ አለብኝ አልኳቸው። አመሰገኑኝ። እግዜር ይስጥልኝ እያሉ፣ ሁለት ጊዜ ዞር እያሉ ወጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ዕለት ተመልሰው መጡ። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ መምጣታቸውን እየፈራሁ ከመኖር በቀር ምንም አላደረግኩም። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ዳንግላ ለጥገና ሄዷል አልኳቸው። ውሸቱ ቀለል ብሎ ወጣ። እሳቸውም ዳንግላ ጥሩ ጠጋኝ አለ ሲባል ሰምተው እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ለኔ ይዘው የመጡትን፣ ዶሮ ማዳበሪያ በምንላት ትንሽ ከረጢት የተሞላ ድንች ከፈረሱ አውርደው በሩ ላይ አስቀመጡ። አልቀበልም አልኩ። የሷ እርሻ ነው፣ ከመታመሟ በፊት የተከለችው ነው አሉኝ። ድንቹን ቤቴ ወሰድኩት፤ ልበላው አልቻልኩም፤ ኋላ ለጎረቤት ሰጠሁት።

ድንቹ ብዙ አልነበረም። ግን ያ ድንች ነው ከተቀመጥኩበት ያስነሣኝ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ፣ የዚያን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ፈትቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። ከመናኸሪያ በጋሪ ሄድኩ። ጠጋኙን ከልጅነት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስልክና ኮምፒውተር የሚሠራበት ጠባብ ሱቅ አለው። የጠፋ የሚመልስ ፕሮግራም እንዳለው ነገረኝ። ከፎርማት በኋላ ተማሪዎች ሠርተውበታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ በየቀኑ፣ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ጀመረ።

ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብዙ ነገር ወጣ፤ የሥዕል ቁራጭ፣ የማይከፈቱ ፋይሎች፣ የሌሎች ልጆች ሥራ ግማሽ። የድምፅ ፋይሎች አሥራ ሦስት አገኘ፤ አሥራ ሁለቱ አልከፈት አሉ። አንዱ ተከፈተ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። ወንበሩ ይጮኻል። ከዚያ የኔ ድምፅ «አሁን ይናገሩ» ይላል። ከዚያ ዝናቡ ብቻ፤ ያልቃል። ያ እናትየዋ ሳይናገሩ የቀሩበት የመጀመሪያው ሙከራ ነበር። መሰረዝ ሲገባኝ ረስቼው የቀረ ነው።

ጠጋኙ ይሄ ነው የምትፈልጊው ወይ አለኝ። አይደለም አልኩት። ግን በስልኬ ጫነልኝ።

ሦስተኛ ጊዜ እስኪመጡ አልጠበቅኩም። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ባጃጅ ይዤ እስከ ዘንገና መታጠፊያ ሄድኩና ከዚያ በእግሬ ቀጠልኩ። ሁለት ቦታ ላይ ሰው ጠየቅኩ። ቤታቸው በቀርቀሃ የታጠረ፣ ንጹሕ ግቢ ነው። ልጅቷ ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ስታየኝ እጇ ላይ ያለውን ልብስ ይዛ ቆመች። ከክረምት ወዲህ ረዝማለች። ጥቁር ለብሳለች።

አባቷ ወጥተው አስገቡኝ፤ መደብ ላይ ቁርበት አነጠፉልኝ። ሊያስተናግዱኝ ሽር ጉድ ሲሉ ቀድሜ ልናገር ብዬ ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድምፃቸው የለም። ጥቅምት ላይ ኮምፒውተሩን ሳጸዳ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ።»

መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«የለም ማለት ነው?» አሉ።

የለም አልኳቸው። ከዚያ ዳንግላ ስላደረግነው ነገር ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ አሥራ አንዱ ሰከንድም። ምንም የማይጠቅም እንደሆነ፣ እናትየዋ እንዳልተናገሩበት አስጠነቀቅኳቸው። እስቲ አሰሚኝ አሉ። ስልኬን መደቡ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ዝናቡ፣ ወንበሩ፣ የኔ ድምፅ፣ ዝናቡ።

«የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ወንበር ነው። እሳቸው ሲቀመጡ።»

«እሷ ስትቀመጥ ነው?»

«አዎ።»

እንደገና እንድከፍተው ጠየቁኝ። ከፈትኩት። ሦስተኛ ጊዜም ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ተነሥተው ፈረሱን ውኃ ሊያጠጡ እንደሆነ ተናግረው ወጡ፤ ለረጅም ጊዜ አልተመለሱም።

ከልጅቷ ጋር ብቻችንን ቀረን። ስለሷ ሥራ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አስቀድማ ተናገረች።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች። «ጥቅምት ላይ በገበያ ቀን መጥቼ ነበር። እርስዎ አልነበሩም፤ ሌላ ቲቸር ከፈተልኝ። ፎልደሬን ሳጣው ገባኝ።»

ታዲያ ለአባትሽ ለምን አልነገርሻቸውም አልኳት።

«እማዬ ከሞተች በኋላ ሲጠይቀኝ የለም ማለት አቃተኝ። ቲቸርን ጠይቃት አልኩት። እርስዎ ይነግሩታል ብዬ ነበር።»

ይህን ስትል ወቀሳ የለበትም፤ የሆነውን ብቻ ነው የነገረችኝ። እኔን ማየት ትታ የልብሱን ጠርዝ በጣቷ ታጣጥፋለች። እኔ ፈርቼ የሸሸሁትን ነገር እሷ እኔን አምና ለኔ ትታልኝ እንደነበር ያኔ ነው የተረዳሁት። አባቷ ከኔ በተመለሱ ቁጥር ተገኝቷል ማለት ነው፣ ሊገኝ ነው እያሉ ሲነግሯት፣ እሷ እንዳልሆነ እያወቀች አብራቸው ስትቀመጥ ከርማለች። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ምናልባት ክረምት እንደገና እንሠራዋለን ብያለሁ። ልብሱን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።

አባቷ ተመልሰው ሳልበላ እንዳልሄድ አጥብቀው ለመኑኝ። ጾም ስለነበር ሽሮና ድንች ቀረበ። በላሁ። ባለመቆጣታቸው ይበልጥ ከበደኝ። እስከ መንገዱ ሸኙኝና ባጃጅ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ። ስለ ገብሱ፣ ዘንድሮ ውርጭ ስለ መታው ነገር አወሩኝ። ባጃጁ ሲመጣ ያን አሥራ አንድ ሰከንድ በስልካቸው መጫን ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። ስልካቸው የማይቀበል መሆኑን ስነግራቸው «እንግዲህ» አሉ።

በቀጣዩ ክረምት ስልጠና አልተሰጠም። ከኮምፒውተሮቹ አምስት ብቻ ቀሩ፤ ሌሎቹ ግምጃ ቤት ገብተዋል። ርዕሰ መምህሩ ተቀይረዋል፤ አዲሱ ክፍሉን ለሌላ ትምህርት ፈለጉት። እኔም አልተከራከርኩም። አሁን የአዊኛ ቃላት ጥቂት እየተማርኩ ነው፤ ያን ፊደል ግን እስከዛሬ በትክክል ማለት አልቻልኩም፤ ሰዎች ይስቃሉ።

ልጅቷን አንድ ጊዜ አገኘኋት፤ ባለፈው መስከረም፣ መናኸሪያ ውስጥ። ጫግኒ የሚሄድ አውቶቡስ እየጠበቀች ነበር፤ አጠገቧ በገመድ የታሰረ ፍራሽና አንድ ሻንጣ። አክስቷ ጋ ልትኖር ነው። እናትየዋ ሊያስታምሟት የወረዱላት ይህች አክስት ከሕመሟ ገና አልዳነችም፤ ትንንሽ ልጆች አሏት፤ የሚይዝላት ያስፈልጋታል። ትምህርትሽስ አልኳት። እዚያ ያስመዘግቡኛል ብለዋል አለች። ይህን ያላት ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። ስለ ኮምፒውተር አላነሣንም። ለወባው በአጎበር ሥር እንድትተኛ ልነግራት ፈልጌ፣ እናቷን ማንሣት እንዳይሆንብኝ ተውኩት። ረዳቱ ፍራሹን በገመዱ ይዞ ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ ሲወረውር እሷ ወደ በሩ ሄደች። ስትገባ መቀመጫ አጥታ መሃል ላይ ቆመች፤ ከዚያ በኋላ ሰዎች ከለሏትና አላየኋትም።